አባቴ ያልለካው ዝናብ

አባቴ ዳንግላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የቆመ የዝናብ መለኪያ ለብዙ ዓመታት ሲያነብ ኖሯል። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ በመለኪያው ቆርቆሮ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ይለካል፤ ቁጥሩን በአዊኛ ለራሱ ይልና በአማርኛ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ካልዘነበ ዜሮ፣ ካልለካ ደግሞ ሰረዝ። ግልባጩን በየወሩ ለሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ይልካል፤ ዋናው ደብተር ቤታችን ይቀመጣል። እሑድም ሆነ ዓመት በዓል አይቀርም። እናቴ፣ «ሂድ እንግዲህ፣ ቆርቆሮህ ይጠራሃል» ትለው ነበር። እየሳቀች ብትለውም እኔ አልስቅም። ከእኛ ይልቅ ቆርቆሮውን ይወዳል ብዬ አምን ነበር።

እናቴ አንድ ሐምሌ ላይ ሞተች። በሰልስቱ ጠዋት አባቴ ከድንኳኑ ሹልክ ብሎ ሲወጣ አየሁት። ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ያን ቀን ተቀየምኩት፤ ለዓመታትም አልተውኩለትም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሁለተኛውም ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረን። ስንመለስ አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ዝናቤን በአንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ። «እስካሁን ያየሁት ቀን በቀን ነው። ዓይኔ ሳይጠፋ አሳይኝ።»

እኔ እንጅባራ ተቀምጬ ዌብሳይት እሠራለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፣ ግራፍ የሚስል ላይብረሪ እመርጣለሁ፣ አለቀ። ላይብረሪ የምንለው ሌሎች ሰዎች ጽፈው፣ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያስተካክለው በነጻ የለቀቁት ዝግጁ ኮድ ነው። ምርጫው ግን አደከመኝ። የመጀመሪያው ከመክበዱ የተነሳ ግምጃ ቤት ከተማ ያለችው እህቴ ስልክ ላይ አልከፈት አለ፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሚመስለው ጳጉሜን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ሦስተኛው የወራቱን ስም እንደጻፍኩለት ተቀበለኝ። መስመሩም ለስላሳ ነው፣ ያምራል። የሚያምር ነገር ያታልለኛል፤ ሌላ ሳልመረምር ያንኑ ያዝኩ።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። አባቴ ማጉያ መነጽሩን ይዞ ፊቱን ከስክሪኑ ጋር ሊያጋጥም ደረሰ። ዓመት በዓመት በጣቱ እየተከተለ፣ ድንቹ የበሰበሰበትን ክረምት፣ ዝናቡ የዘገየበትን ግንቦት እየለየ ነገረኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚያ አንድ ሐምሌ ላይ ጣቱ ቆመ።

«እዚህ ላይ ሦስት ቀን ዝናብ አለ።»

«ይኖራል አባየ፣ ሐምሌ ነው።»

«ማን ለክቶት?»

ደብተሩን አውጥቼ ገለጥኩ። ሦስት ሰረዞች ተከታትለው ተሰምረዋል። ስገለብጥ በጥድፊያ ቦታቸውን ባዶ ትቼ አልፌያቸው ነበር። ላይብረሪው ባዶ ሲያገኝ የግራና የቀኙን ቀን በራሱ መስመር አገናኝቶታል። ይህንን አስረዳሁት።

«ያልለካሁትን ለክቷል ይላል» አለ። «ይኸን አይቼ ዓይኔ እንዲጠፋ አልፈልግም።»

እሱ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እኔ አደረግሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን ማን ያየዋል አልኩ። በንዴት እዚያው ባዶዎቹን በዜሮ ሞላኋቸው። መስመሩ ወርዶ ከታች ተጋደመ። «ይኸው፣ ዝናብ የለም።»

አባቴ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እናትሽን በዝናብ ነው የቀበርናት» አለ።

ያን ቀን ነጠላዬ ርሶ ትከሻዬ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ የመቃብሩ ጭቃ ጫማዬን ይዞ ቤት ድረስ ተከትሎኛል። ያ ሁሉ እያለ አልዘነበም ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እንጅባራ ተመልሼ የላይብረሪውን ኮድ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ተጠቃሚዎች ችግራቸውን በሚጽፉበት ገጽ ላይ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር ሆኖ፣ መረጃ በሌለበት ቀን መስመሩ እንዲቋረጥለት ለምኗል። ምን ጎድሎት እንደነበር አላውቅም። ከሥሩ መልስ ተሰጥቶታል፤ የሚቀየረው አንድ ቃል ብቻ ነው። ቀየርኩት። ማለስለሻውንም አጠፋሁና የተለካው ቀን ሁሉ በነጥብ እንዲታይ አደረግሁ። ግራፉ ሸካራ ሆነ፤ ለደንበኛ ብሠራው የሚመልስብኝ ዓይነት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ያንን ሐምሌ ራሱ ፈልጎ አገኘው። መስመሩ ከግራ ይመጣል፣ ይቆማል፤ ትንሽ አልፎ እንደገና ይጀምራል። ጣቱን መሐል ላይ አሳረፈ።

«አሁን ትክክል ሆነ» አልኩት።

«ትክክልስ አይደለም» አለ። «መለካት እችል ነበር።»

ከዚያ ነገረኝ። በሰልስቱ ጠዋት ሄዶ ነበር። ቆርቆሮው አፉ ድረስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት አገኘው። እንዲህ ሲሆን ለክቶ የሦስት ቀን ድምር ብሎ መጻፍ የሥራው ደንብ ነው። ብርጭቆውን ከኪሱ አወጣ፣ ያዘው፣ መልሶ ከተተው።

«ደፋሁት» አለኝ። «ብለካው ያ ቀን እንደ ሌላው ቀን ሊሆን ነው። እንዲሆን አልፈለግሁም።»

በሥራ ዘመኑ ሁሉ ደንብ የጣሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለቆርቆሮው ብሎ እናቴን ትቷት ሄደ ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ቂም ይዤበት ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ራሴን ዳበሰኝ።

አሁን አባቴ አያይም። ላይብረሪው በየጊዜው ይታደሳል፤ አንዳንዴ እድሳቱ የተስተካከለውን መልሶ ያበላሻል። ስለዚህ ባደስኩ ቁጥር መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ሐምሌ ነው። አባቴም ሲደውል ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ከጠየቀ በኋላ ይህን ሳይጠይቀኝ ስልኩን አይዘጋም።

«ባዶው ቦታ አለ?»

«አለ አባየ» እለዋለሁ።