የግልገሎቹ ቀኝ ጆሮ

ሥራ ቦታዬ እሬት በተጨመቀ ቁጥር ያ መራራ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ይገባና ነገሌ ቦረና ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛል። ደግ ትዝታ አይደለም። እናቴ በሞተች በዓመቷ የአባቴ ታላቅ እህት ዳኪ እኔን ልታሳድግ ከአሬሮ መጣች፣ ሽታውንም ይዛ ገባች። የአባት እህት በእኛ ዘንድ «አዳዳ» ትባላለች፣ እኔም አዳዳ ብዬ እየጠራኋት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጠላኋት።

በቦና፣ ዝናብ ጠፍቶ አቧራው ዓይን በሚያጠፋበት ወቅት፣ እሬት ቆርጣ ቢጫ ፈሳሹን ጣሳ ውስጥ ታንጠባጥብና እስኪጠቁር ድረስ ታፈላው ነበር። ቁስል ያለበት ሁሉ ወደ ደጃችን ይጎርፍ ነበር። ልብሴ ሽታውን ስለያዘ የክፍሌ ልጆች «እሬት» ይሉኝ ጀመር፤ ቂሜን ግን የያዝኩት በእነሱ ሳይሆን በእሷ ላይ ነበር።

አባቴ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበር፣ ቁስል አጥቦ ያሽግ ነበር። በሽተኛ የእሱን በር አልፎ እህቱ ዘንድ ሲሄድ ደሙ ይፈላ ነበር። በአንድ ገበታ ተቀምጠው እንኳ «ለአዳዳሽ ንገሪያት»፣ «ለአባትሽ ንገሪው» እያሉ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር።

ጋና የምንለው የዝናብ ወቅት ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ ፍየሎቻችን ወለዱ፣ የስድስቱን ግልገሎች ሁለቱንም ጆሮ በጎሳችን ምልክት የምንበጣበት ጊዜም ደረሰ። አባቴ ምላጩን እንደያዘ ወደ እህቱ ዞረና ራሱ አናገራት።

«ቀኙን ጆሮ አንቺ ያንቺን ቀቢ፣ ግራውን እኔ የክሊኒኩን ጂቪ እቀባለሁ። ያንቺ ቀድሞ ከዳነ አፌን እዘጋለሁ። ካልዳነ ወደ አሬሮ ትመለሻለሽ።»

«ቶሌ፣ ይሁን» አለች። አልፈራችም።

ጠዋት ጠዋት እሱ ሐምራዊውን ጂቪ፣ እሷ እሬቷን ይቀቡና ወደየጉዳያቸው ይሄዱ ነበር። ጀርባቸውን ሲያዞሩ እኔ ጨርቅ በውሃ እየነከርኩ ቀኝ ጆሮዎቹን እወለውል፣ ጭቃ በነካ ጣቴም ቁስሉን እነካካው ነበር። ግልገሎቹ ይጮኹ ነበር፤ አልራራሁላቸውም። ትሂድልኝ ብቻ ነበር ምኞቴ። በሳምንቱ ቀኝ ጆሮዎቹ አብጠው ዝንብ ወረራቸው፣ ግራዎቹ ደረቁ።

አባቴ ጎረቤት ጠርቶ አሳየ። አዳዳ ዳኪ አንዱን ግልገል አቅፋ፣ ያን ቀን ጠዋት ራሷ የቀባችውን ጆሮ በጣቷ ነካችና ጣቷን ቀመሰችው። አልመረራትም። ቀና ብላ መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየችኝ። እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅኩ። እሷ ግን ወደ ወንድሟ ዞራ «ረትተኸኛል» አለችውና ዕቃዋን ልትሸክፍ ገባች።

በማግስቱ አይሱዙ ላይ ከመውጣቷ በፊት የተረፈውን እሬት እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እኔን ጥዪኝ፣ ግድ የለም። ግልገሎቹ ግን ምን አደረጉሽ? ጠዋት ጠዋት ቀቢላቸው።»

ቀባኋቸው። ጋናው ሳያልቅ ስድስቱም ዳኑ፣ ማንም ግን ዞሮ አላያቸውም፤ ነገሩ አንዴ ተፈርዶ ነበርና።

ዛሬ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውስጥ የዕፅዋት ጭማቂ ፈዋሽ መሆን አለመሆኑን እፈትሻለሁ። ብልቃጦቹ ከጭመቃው ክፍል ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ፣ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ለእኛ አይነገረንም። አዲስ የገቡ ልጆች «አያምኑንም እንዴ?» እያሉ ሲያኮርፉ እሰማለሁ። እኔ አላኮርፍም፤ ያንን ደንብ ያወጣው ሰው እኔን የሚያውቀኝ ይመስለኛል። አባቴ እንደረታ እያመነ ሞተ፣ አዳዳ ዳኪም አንድም ቀን ሳታሳጣኝ አሬሮ ላይ ሞተች። ያኔ እውነቱን የምናውቅ ሁለት ነበርን፣ ዛሬ እኔ ብቻ ቀረሁ።