ሐሙስ እስክሪብቶ

ትናንት ጠዋት... የሰው ልጅ ለፈተና ይዤ ሄጄ ልቤ ሊቆም ነበር። አሁን ግን እየሳቅሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ጎረቤቴ ዘይነባ ለሐጅ ሰሞን መካ፣ ዓዚዚያ፣ የሐጃጆች ማረፊያ ልታጸዳ ስትሄድ የአምስት ዓመት ልጇን ሒክማን እዚህ በኒ ማሊክ ሰፈራችን እኔ ዘንድ ተወቻት። አደራዋ አንድ ነው። «እትዬ፣ ቁጥር አስተምሪልኝ። ስመለስ ትምህርት ቤት ለመግባት ትፈተናለች። ካላለፈች ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ከዚህች ክፍል ጋር ተፋጥጣ መክረሟ ነው።»

እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቻለሁ... ልጆች ሒሳብ የሚገባቸው ደጅ ሲጫወቱ ነው ይላል። በቃ፣ ፕሮፌሰር ሆንኩላችሁ! ፀሐይዋ በረድ ስትል ሕንጻው ጣራ ላይ እንወጣለን፣ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ እሠራላታለሁ። ሰኞ ላይ ትጀምራለች፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች እሁድ ትደርሳለች።

«ሐሙስ ላይ ነሽ። ዝለይ! ድገሚ! የት ደረስሽ?»

«ቅዳሜ!»

አጨበጭባለሁ። ዘይነባ ደውላ «ቁጥሩስ?» ስትለኝ «አንቺ ቁጥር ትያለሽ፣ መደመር ጀምራለች!» እላታለሁ አፌን ሞልቼ።

ዘይነባ ተመለሰችና ትናንት ሦስታችን ለፈተናው ሄድን። የሐበሻ ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና «ሒክማዬ፣ ስንት ናቸው?» አሏት።

ልጅቷ አንድ በአንድ በጣቷ ነካክታ፣ ኮራ ብላ... «ሐሙስ!»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዘይነባ ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

«እትዬ! ወላሂ ልጄን አበላሸሻት! ሐሙስ እስክሪብቶ የሚባል ነገር አለ?»

ያኔ ነው የበራልኝ። ያን ሁሉ ቀን ስናስነካው አንድ፣ ሁለት የሚባል ነገር ለካ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም! ቪዲዮው አጫውቱ አለ፣ አጫወትኩ። የቁጥሮቹን ስም አስጠኑ ብሎ ያስታወሰኝ የለ!

«ጌታዬ» አልኩ ላቤን እየጠረግሁ፣ «ሐሙስ ማለት... በእኛ ቤት አራት ማለት ነው።»

መምህሩ ቆጠሩ። አራት ነው። ፈገግ አሉና ሁለት ጨመሩ። «አሁንስ?»

ሒክማ ተነሣች። ወለሉ ሰድር ላይ በአንድ እግሯ ቆመች፣ ዘለለች፣ ደገመች። «ቅዳሜ!»

«እሺ፣ ከእሁድ በኋላስ ምን ይመጣል?»

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየቻቸው። «መስመር ሳይረግጡ ዞሮ መመለስ ነዋ!»

መምህሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይቺ መቁጠሩንም መደመሩንም ታውቃለች። ስማቸውን እኛ እንነግራታለን፣ ተቀብለናታል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?» አሉኝ።

ጣሪያውን ሳይ ዘይነባ ቀደመችኝ። «አዎ፣ እሷ ናት! በጨዋታ ነው የምታስተምረው፣ ዘመናዊ ነገር ነው!» የቆነጠጠችኝ ቦታ ገና አልበረደም እኮ!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዘይነባ ሱቅ ሄዳ ደወለች። «እትዬ፣ ስንት ዳቦ ላምጣ?»

«ዓርብ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ... አምስት ይዛ መጣች!