የእድር ጡሩምባና «ሐዲድ»

ከቂሊንጦ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች የፋብሪካ ልጅ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ኖሮ እንቅልፍ ጣላትና ጭንቅላቷ አጠገቧ ባለው ሰው ትከሻ ላይ አረፈ። ረዳቱ የሰውየውን መውረጃ ሲጠራ ሰውየው አልወረደም። ልጅቷ እስክትነቃ ሳይነቃነቅ አልፎ ሄደ።

አቃቂ አብረን ወረድን። «አለፈህ እኮ» አልኩት።

«ደክሟታል፣ ጋሼ» አለና ወደ ኋላ በእግሩ ጀመረው። መንገዴ ስለነበር አብሬው ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ስላሳየኝም አምላኬን በልቤ አመሰገንኩ።

ሰውየው የሰፈራችን ሰው፣ የጋሽ አያና ልጅ ቀናው ነው። ጋሽ አያና የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ቀናው ከሚሌኒየሙ በዓል ማግስት ከጓደኛው ከጌዲዮን ጋር «ሐዲድ» የሚባል የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ዘፋኝ የላቸው፣ ክራር የላቸው፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና የኪራይ ስፒከር ብቻ። የወፍጮ ቤቱን ጩኸት ሳይቀር ቀድተው ምት ያደርጉት ነበር። ወጣቱ አበደላቸው። አንድ ቀን ቀናው የአባቱን ጡሩምባ ሳይነግራቸው ቀድቶ የዘፈን መግቢያ አደረገው።

ዘፈኑን ሰርግ ላይ ለቀቁት። ወዲያው እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየቤቱ እየሮጡ ወጡ። «ማን ነው? ማን ሞተ?»

የሙሽራዋ እናት «በልጄ ሰርግ ሞት ትጠሩባታላችሁ!» ብለው ስፒከሩን ገፍተው ጣሉት። ዓመት ያልሞላው «ሐዲድ» እዚያው አበቃ። ድንኳኑም ወንበሩም የእድሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይጥራቸው?

«እኔን ይቅጡኝ፤ አባቴ ምን አደረገ?» አለ ቀናው፣ መንገዱ መሃል ቆሞ። «‹ሞታችንን መጨፈሪያ አደረጋችሁት› ብለው የእድሩ ሰዎች ጡሩምባውን ቀሙት። አሁን ሰው ሲሞት በምንድን ነው የሚለፍፉት? ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው፣ በፍላሽ ቅጂ! የማን ትንፋሽ ነው እሱ? የአባቴ! ያ ከሃዲ ጌዲዮን ከዘፈናችን ቆርጦ ሰጣቸው። እኛ ስናጫውተው ነውር፣ እነሱ ሲያጫውቱት ሥርዓት?»

አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን። «ቀስ በል ልጄ» አልኩት።

«እንዴት ቀስ ልበል? ባጃጁ ባለፈ ቁጥር አባቴ ከአልጋው ተነስቶ ጫማውን ይፈልጋል። ከዚያ ጡሩምባው እንደተወሰደ ትዝ ይለውና መልሶ ይቀመጣል።»

ክንዴን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የእድሩ አባል ነዎት፤ ይሰሙዎታል። እሁድ ስብሰባው ላይ ተነስተው ይናገሩልኝ። ትንፋሽ እያለው ጡሩምባውን ይመልሱለት።»