ቁርጭምጭሚቴን የደበቅሁበት ሦስት ሳምንት

ያኔ ሱሉልታ ውስጥ አንድ ጠባብ ኪራይ ቤት ከአንዲት ሯጭ ጓደኛዬ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም የምንሮጠው በአንድ አሰልጣኝ ሥር ነው፤ ሁለታችንም የምንጠብቀው የክለብ ማጣሪያ ነው። ክለብ ካልገባሁ ሩጫው አበቃ፣ ወደ ቤተሰብ መመለስ ነው።

ለማጣሪያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት ጫካ ውስጥ ስንሮጥ የዛፍ ሥር ረገጥኩና ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለ አሰልጣኙ ከኋላ።

"ምንም፣ የጫማዬን ክር ላስር ነው" አልኩት።

ምን ላድርግ? ከእኔ በፊት አንዷ እግሬን አመመኝ ብትለው "ስትድኚ ነይ" አላት። በሳምንቱ ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ ትሮጥ ነበር። እኛ ዘንድ ሕመም ለጓደኛ ነው የሚነገረው፣ ለአሰልጣኝ ማን ይነግራል!

ጓደኛዬ ቡራዩ ካሉ አንድ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ኦቦ ይላቸዋል። ገና ትኩስ የሆነውን፣ ኩፍ ያለውን እግሬን በቅቤ አሹት፣ ሳቡት፣ ጠመዘዙት።

"ኦቦ፣ በማርያም ይተዉኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ገብቷል" አሉኝ።

ድንቄም ገባ! ምኑ ወጥቶ? የወለቀ አጥንት ቢሆን እጃቸውን እስም ነበር። የእኔ ግን የተበጠሰ ጅማት ነው። በማግስቱ እግሬ ጠቁሮ ጫማ አልገባ አለኝ።

ክሊኒክ የሄድኩት ያኔ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አይታው ተቆጣች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በረዶ መያዝ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ እንጂ ማሸት የሚባል ነገር የለም አለችኝ። ከዚያ ቀስ እያሉ መርገጥ፣ ቀጥሎ በአንድ እግር የመቆም ልምምድ፣ ሚዛኑ ሲመለስ ደግሞ ሩጫ።

"ስድስት ሳምንት ያስፈልግሻል። ልምምዱን ከዘለልሽው ደጋግሞ ይታጠፍብሻል" አለችኝ።

ስድስት ሳምንት! ሳቅሁባት። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ጉንፋን ነው ብዬ ሁለት ቀን ከቀረሁ በኋላ እብጠቱ ጎደል ሲል፣ ጓደኛዬ በየጠዋቱ እግሬን በፋሻ ጥፍንግ አድርጋ ታስርልኛለች፣ እኔ ረጅም ካልሲ ከላይ አጠልቃለሁ፣ ማስታገሻ እውጣለሁ፣ እሮጣለሁ። አሰልጣኙ "ትንሽ ከብደሻል" ከማለት በቀር ምንም አላለኝም።

የማጣሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከፊተኞቹ ጋር ነበርኩ። መታጠፊያው ላይ ጠጠር በሌለበት፣ ጉድጓድ በሌለበት፣ እግሬ ዝም ብሎ ታጠፈ። ወደቅሁ። ሌሎቹ በላዬ ዘለው አለፉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እዘል ነበር።

አሰልጣኙ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ፤ ካልሲዬን ዝቅ ሲያደርገው ፋሻውን አየ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ። "ሰዓትሽን ለክለቡ ሰዎች ቀድሜ ልኬላቸው ወደውሽ ነበር። ታማለች ብላቸው እስክትድኚ ይጠብቁሽ ነበር።"

ዛሬም የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከታክሲ ስወርድ እግሬ ይታጠፋል፤ ሰው ደግፎኝ "እኔን!" ሲለኝ ንዴቴ ይነሳል። አሰልጣኙ "ይጠብቁሽ ነበር" ያለኝ ሊያጽናናኝ ብሎ ዋሽቶ ነው እላለሁ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም። አምላኬ፣ ዋሽቶኝ ይሁን።