በእኛ በኩል ይሠራል

አጎቴ «በእኛ በኩል ይሠራል» የሚል ሰው አይወዱም ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላም አምስት ቤተ መጻሕፍት ያስተባብሩ ነበር። ኮምፒውተሮቻችን በአንድ ደንብ እንዲጠያየቁ፣ አንባቢ የትኛውም ጋ ተቀምጦ ቢፈልግ የሁላችንንም መጻሕፍት እንዲያገኝ ነበር ልፋታቸው። የለሚ ኩራው ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራመር እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሁላችንም ኦሎምፒያ ሰፈር እንሰበሰባለን።

አንድ ሐሙስ የቡልቡላ ቤተ መጻሕፍት ልጆች «የእናንተ መጻሕፍት አይታዩንም» አሉኝ።

«በእኛ በኩል ይሠራል» አልኩ።

አጎቴ ባርኔጣቸውን አነሱና «ተነስ» አሉኝ። በሚኒባስ ቡልቡላ ይዘውኝ ሄዱ። አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ኮምፒውተሩ ላይ መጽሐፍ ትፈልጋለች፤ «የለም» ይላታል። መጽሐፉን እኮ ጠዋት እኛ መደርደሪያ ላይ አይቼዋለሁ።

«በል ንገራት» አሉኝ፣ «በእናንተ በኩል እንደሚሠራ።»

ስህተቱ የእኔ ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ልጅቷ መጽሐፉ የት እንዳለ እስክታይ ድረስ አጎቴ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላሉም።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከአጎቴ አርባ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰብን። በሩ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ቡልቡላዎቹ እንደገና ቅሬታ አነሱ። እኔም ሳላስበው «በእኛ በኩል ይሠራል» አልኩ።

ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞሩ። «ተነስ» ያለኝ ግን የለም።

አጎቴ መሞታቸውን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ላፕቶፔን ዘግቼ ራሴ ተነሳሁ።