ድምፅ የሌላት ኳስ

የሆስፒታሉን ስልክ የምታነሳው ሴት ድምጿ ማር ነው። ደዋዩ ተናዶ ቢጮህባት እንኳ «እሺ ጌታዬ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ» ብላ ታበርደዋለች። ከሥራ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ናት። የጎልቦል ጓደኞቿ «ግንቧ» ይሏታል፤ እሷን አልፋ ጎል የገባች ኳስ ጥቂት ናትና።

ጎልቦል ዓይነ ስውራን ሦስት ለሦስት ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳሷ ከባድ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ቃጭል አለ። አንዱ ቡድን መሬት ለመሬት ይወረውራል፤ ሌላው ድምፁን ሰምቶ ወለሉ ላይ በቁመቱ ይዘረጋና በሆዱም፣ በጭኑም፣ ካስፈለገም በፊቱ ያግዳል። ጨዋታው ሲካሄድ ተመልካች ትንፍሽ አይልም። ጭላንጭል የሚያየውም ጨርሶ የማያየውም እኩል እንዲሆኑ ሁሉም ጥቁር የዓይን መሸፈኛ ያጠልቃሉ። ግንቧ ጨዋታውን የወደደችው በዚህ መሸፈኛ ምክንያት ነው።

ታናሽ እህቷን ሚጡን ወደ ቡድኑ ጎትታ ያመጣቻት እሷው ናት። የግንቧን ዓይን የወሰደው በዘር የሚመጣ ሕመም ሚጡንም ጀምሯት ነበር፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሐል መሐሉን ብቻ ታያለች። መጀመሪያ ላይ ሚጡ የምትዘረጋው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ድንገት ሌላ ሰው ሆነች። የመጣው ኳስ ሁሉ ደረቷ ላይ ያርፍ ጀመር። ቡድኑ እያሸነፈ ለዋንጫ ደረሰ። ግንቧ በእህቷ ኮራች፤ ሥራ ቦታ ያልሰማ ሰው አልቀረም።

ከፍጻሜው በፊት በነበረው ልምምድ፣ አሰልጣኛቸው፣ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፣ ከዕቃ ቤት አንዲት አሮጌ ኳስ አውጥተው ወረወሩ። ቃጭሏ ከውስጥ መታፈኑን አላስተዋሉም። ውጪ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ግንቧ ተንበርክካ ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች፤ ምንም ድምፅ አልመጣም። ወዲያው ከቀኝ በኩል ሚጡ ስትዘረጋና ኳሷ ሆዷን ስትመታት ሰማች።

«ጎበዝ» አሉ አሰልጣኙ።

ግንቧ ዳብሳ ኳሷን አነሳችና ነቀነቀቻት። ጭጭ።

«ሚጡ፣ ይቺን በምን ሰማሻት?»

ሚጡ ኳሷን ከእጇ ወስዳ ወደ አሰልጣኙ አንከባለለቻት።

ቤት እንደገቡ ግንቧ የሚጡን መሸፈኛ ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ በምላጭ ተቆርጧል።

«ትንሽ ነው የሚታየኝ እትዬ። በታች በኩል ብቻ።»

«ስርቆት ትንሽ አለው እንዴ?»

«ላንቺ ቀላል ነው» አለች ሚጡ። «አንቺ ጨለማውን ለምደሽዋል። እኔ ያን ነገር ሳጠልቀው ተመልሶ የሚወልቅ አይመስለኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታቅፋት ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቷ አሯል።

«መንገድ ላይ ሰው ያየኛል፤ አውቶቡስ ውስጥ ያየኛል፤ ቢሮ ሲያየኝ ይውላል። እኔ ማንንም አላይም። አብሮኝ ካለው ማንም የማያየኝ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። እሱንም ቀማሽኝ። በይ አዲስ መሸፈኛ አድርጊ፤ አለዚያ እናገራለሁ።»

«አታደርጊውም። እህትሽ ነኝ።»

በነጋታው ግንቧ ወደ አሰልጣኙ ሄደች። ስትነግራቸው አልደነገጡም። ያን ጊዜ ነው ነገሩን አስቀድመው ማወቃቸው የገባት።

«ልጅቷ ተሻሽላ ነው እኮ።»

«ስፖንጁ ተቆርጧል ጋሼ።»

«አንቺ ደግሞ ምኑን አይተሽ ነው?»

ዓይን አውጣ ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው። ግንቧ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወጣች። ያን ዕለት ሥራ ላይ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በደዋይ ጆሮ ላይ ስልክ ዘጋች።

የፍጻሜው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛዋ ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱን መሸፈኛ ለደንቡ ነካ ነካ አድርጋ አለፈች። ግንቧ እህቷ ትናገር እንደሆነ ጠበቀች። ሚጡ ሄዳ ቦታዋን ያዘች። ግንቧ እጇን አወጣች።

«ዳኛ፣ የቡድናችን መሸፈኛ በደንብ ይፈተሽልኝ። ከእኔ ይጀመር።»

ዳኛዋ ሚጡ ጋ ስትደርስ መሸፈኛውን ራሷ አጥልቃ ሞከረችው። «ይሄ ያሳያል» አለች። ሚጡ ከሜዳ ወጣች። ተቀያሪ ስላልነበራቸው ዋንጫው ያለ ጨዋታ ለተጋጣሚው ሆነ። ጸጥ በል የተባለው ሕዝብ «ጉድ! ጉድ!» እያለ አዳራሹን አናጋው።

አሰልጣኙ ጆሮዋ ሥር መጥተው «በገዛ እጅሽ ቤትሽን አፈረስሽ» አሏት።

«ምላጭ የያዝኩት እኔ አይደለሁም» አለች ዳኛዋ እንድትሰማ ጮክ ብላ። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።»

እናታቸው ያን ሰሞን አልፈረዱላትም። «የእናት ልጅ ገበና ለአደባባይ ይሰጣል?»

«እማዬ፣ ቤት ውስጥ ነግሬያት ነበር እኮ።»

አሰልጣኙ ተሰናበቱ፤ ሚጡ ለአንድ ዓመት ታገደች። እህትማማቾቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኳርፈው ከረሙ። ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእናታቸው በኩል ነበር። የሚጡ የቁልፍ ቀዳዳም እየጠበበ ሄደ፤ ይህንንም ግንቧ የሰማችው ከእናቷ ነው። ሰምታ አለቀሰች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ማልቀሷ ራሱ አናደዳት።

እገዳው ሲያልቅ ሚጡ ዋንጫውን ለወሰደው ቡድን ፈረመች። ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ዳኛው የሚጡን መሸፈኛ ደጋግሞ ፈተሸ፤ ንጹሕ ነበር። የሚጡ የመጀመሪያ ኳስ ወደ ባዶው ጥግ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ እህቷ መጣች። ግንቧ በጎኗ ተቀበለቻት፤ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ተነሥታ ባለ በሌለ ኃይሏ መልሳ ሰደደችላት። ሚጡ አገደች። ሌሎቹ ተጫዋቾች የሌሉ ይመስል ጨዋታው እስከ መጨረሻው እንዲህ ቀጠለ፤ የግንቧ ቡድን በአንድ ጎል አሸነፈ።

ወደ ቤት በአንድ አውቶቡስ ተመለሱ። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ፣ ጨዋታውን ሊያዩ የመጡት እናታቸው መሐል።

«ድንጋይ ብወልድ ይሻለኝ ነበር፤ ቤት እሠራበት ነበር» አሉ እናትየው።

ሁለቱም አልሳቁም። ግንቧ ጎኗን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።