የግራው ጎማ ኩሽኔታ

ባሌ ሙሂዲን መኪና ሲሠራ አይሳሳትም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ እዚህ ለንደንም ብሪክስተን ከባቡሩ ድልድይ ሥር ትንሽ ጋራዥ ተከራይቶ የሐበሻውን አሮጌ መኪና ሁሉ የሚያክም ሰው ነው። «ሙሂዲን ካለ አለቀ» ይላሉ ሰዎች፤ እሱም መስማት ይወዳል። እኔ ሚስቱ መስቱራ ስንት ጊዜ «ቀስ በል እንጂ፣ አንተም ሰው ነህ» ብዬዋለሁ። ማን ሰምቶኝ!

እትዬ እታለማሁ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ስትሪትሃም ውስጥ በየቤቱ እየዞሩ አቅመ ደካሞችን ይንከባከባሉ፤ ያለዚያች ሰማያዊ አሮጌ መኪናቸው ሥራው አይሆንላቸውም። ጊዲዮን የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ እዚሁ የተወለደ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። ባል የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፣ ያላቸው እሱ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። ብቻ አንድ ጊዜ ሳያስፈቅድ መኪናዋን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ኢንሹራንሱ እሱን እንደማይሸፍን ያውቁ ስለነበር እትዬ በድንጋጤ ታመሙ። ያኔ «ሁለተኛ አልነካም» ብሎ ማለላቸው።

አምና የመኪናዋ የፊት ግራ ጎማ ያጉረመርም ጀመር። ሙሂዲን ኩሽኔታው አልቋል ብሎ አዲስ ገጠመ። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን አምጥቶ በራችን ላይ አቆመና ቁልፉን ለእትዬ አስረከበ። የብሪክስተንን መንገድ ቅዳሜ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄዱት። እሑድ እትዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ሰፊው መንገድ ገብተው ፍጥነት ገና ሲጨምሩ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ የሚለው ቢጫ መብራት ቦግ አለ። ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ነገር አልሠራም ማለቱ ነው። መብራቱ ካልጠፋ ደግሞ መኪናዋ ኤም ኦ ቲ የሚሉትን ዓመታዊ ምርመራ አታልፍም።

ሙሂዲን መጣና ኮምፒውተሩን ሰካ። «የፊት ግራ ጎማ ሴንሰር» አለው ኮምፒውተሩ፤ የጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ዕቃ ነው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ቸርኬው ላይ ጭረት አለ።

«እትዬ፣ ይሄ ጎማ ከመንገድ ጠርዝ ጋር ተላትሞ ሴንሰሩ ተጎድቷል» አለ ቀና ብሎ። «እኔ ጤነኛ አድርጌ ነው ያስረከብኩት። ሰው ነድቶታል።»

ሰው ማን ነው? ቁልፉ ተንጠልጥሎ ያደረበት ቤት ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

«ማሚ፣ አይ ስዌር፣ አልነካሁትም!» አለ ጊዲዮን።

«ታዲያ ሙሂዲን ዋሸ ነው የምትለኝ? አንዴ ማልክልኝ፤ አሁን ደግሞ ዓይኔን እያየህ ትዋሻለህ? ውሸታም ከቤቴ ይውጣልኝ!» አሉ እትዬ።

ልጁም ቃላቸውን ይዞ ወጣ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሃክኒ የሚባል ሰፈር ጓደኛው ጋ ገባ። እትዬ በሰው ፊት «ይሂድ፣ ይማርበት» ይላሉ፤ ማልቀሳቸው ግን በጣሪያችን በኩል ይሰማናል።

ሙሂዲን ሴንሰሩን ቀየረ። መብራቱ ጠፋ ሲባል ተመልሶ በራ። «ሽቦው ነው» አለ። ሽቦውን ቀየረ፣ አሁንም በራ። ኤም ኦ ቲው ሲደርስ ቸገረውና ጎማውን ፈታ። ምሳውን ይዤለት ስሄድ ያንን ኩሽኔታ አውጥቶ እጁ ላይ እያገላበጠ ያየዋል።

«መስቱራ፣ እስቲ ስፒል ስጪኝ» አለኝ።

ከሂጃቤ ላይ ነቅዬ ሰጠሁት። የዚህ ዓይነቱ ኩሽኔታ አንደኛው ወገኑ ማግኔት ነው፤ ያ ወገን ወደ ሴንሰሩ ዞሮ ነው የሚገጠመው። በዓይን ሲያዩት ሁለቱም ወገን አንድ ናቸው። ሙሂዲን ሶማሌ ተራ እጁን የፈታባቸው መኪኖች ኩሽኔታ ደግሞ በየትም በኩል ቢገባ ግድ የለውም። በሴንሰሩ በኩል በነበረው ወገን ስፒሉን አስጠጋ፤ ምንም የለም። ገለበጠው። ስፒሉ ልጥፍ አለ።

«ገልብጬ ነው የገጠምኩት» አለ። «ቅዳሜ በዝግታ ስለነዳሁት ነው መብራቱ ያልበራው፤ ጭረቱም የቆየ ይሆናል።»

«ጊዲዮንስ?» አልኩት።

ምሳውን እንኳ አልበላ። ሌላ ኩሽኔታ በትክክል ገጠመ፣ መብራቱ ጠፋ፣ መኪናዋም ምርመራውን አለፈች። ለእትዬ ሲያስረክብ «ተስተካክሏል» አለ፤ በቃ። እሳቸው ደግሞ «እጅህ ይባረክ!» ብለው መረቁት። የዚያን ዕለት እጁን ሲታጠብ ቆይቶ ቆይቶ አልወጣ ብሎኝ በር አንኳኳሁ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ወደ ቤታችን ወረዱና «ልጄን አስታርቁኝ» አሉ። «ሙሂዲን፣ አንተን ያከብርሃል። ከጋሽ ዓለምሰገድ ጋር ሽማግሌ ሁኑኝ። በመኪናው አይደለም የተቀየምኩት፣ በመዋሸቱ ነው። አጥፍቻለሁ ይበለኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።» ሽማግሌ ሁን ሲባል እምቢ አይባልም። ሙሂዲንም መሬት መሬቱን እያየ «እሺ» አለ።

እትዬ በሩን ዘግተው እንደወጡ ፈነዳሁ። «አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? አጥፊውም አንተ፣ አስታራቂውም አንተ?»

«መጀመሪያ ይታረቁ» አለኝ። «ከዚያ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አሁን ብናገር ማን መኪናውን ያምነኛል?»

«አላህስ?» አልኩት። ያን ሰሞን ሰግዶ ሲጨርስ ከምንጣፉ አይነሳም ነበር። አንጀቴን ቢበላኝም ተናድጄበታለሁና አላባበልኩትም።

የእርቁ ቀን እትዬ ቤት ወጣን። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ጋሽ ዓለምሰገድ ከረቫታቸውን አስረው ቀድመውናል። ጊዲዮን ከስቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጋሽ ዓለምሰገድ ስለ እናት ብዙ ተናገሩና «በል ልጄ፣ ተነስ። የእናትህን ጉልበት ስመህ ይቅርታ ጠይቅ» አሉት።

ጊዲዮን ወደ ባሌ ዞረ። «ጋሽ ሙሂዲን፣ እርስዎም አጥፍተሃል ነው የሚሉኝ?»

ሙሂዲን ግንባሩን ጠረገ። «እናትህን... እናትህን አታስቀይማት» አለ። ክንዱን ቆነጠጥኩት። እኔ አፈርኩለት፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ልጁ ተነፈሰና ተነሳ። ከእናቱ ፊት ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ያዘ። «እሺ ማሚ። ነድቼው ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ሶሪ።»

«ተመስገን!» አሉ እትዬ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ። «ይህን ብቻ ነበር የፈለግኩት፣ የኔ ጌታ!» ብለው አቀፉት። ጋሽ ዓለምሰገድም ሊመርቁ ተነሱ።

«ልጁ አልነዳም!» አለ ሙሂዲን።

ሁላችንም ዞርን። ባሌ ከወንበሩ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኳል። ከጃኬቱ ኪስ ያንን ኩሽኔታ አወጣ፤ ለካ ይዞት ነው የሚዞረው። «ስፒል ስጪኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ስፒሉ የተለጠፈበትን ወገን አሳያቸውና «እኔ ነኝ ገልብጬ የገጠምኩት። ልጁ መኪናውን አልነካም። ሳውቅም ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ» አለ።

እትዬ ኩሽኔታውንም ሙሂዲንንም አላዩም። ልጃቸውን ነው የሚያዩት።

«ታዲያ ምነው ነዳሁ አልከኝ?» አሉት።

«ማሚ፣ እውነቱን ስነግርሽ አባረርሽኝ» አለ ጊዲዮን፣ ሳይቆጣ። «ስዋሽልሽ አቀፍሽኝ።»

እትዬ እጃቸውን ከትከሻው ላይ አነሱ። ከሶፋው ወረዱና ሙሂዲን አጠገብ፣ በልጃቸው ፊት ተንበረከኩ። ጋሽ ዓለምሰገድ «ኧረ በስመ አብ! እናት ለልጇ?» ብለው ሊያነሷቸው ተንደረደሩ። ጊዲዮንም ብድግ ብሎ «ኖ ማሚ፣ ፕሊስ፣ ተነሺ» እያለ ክንዳቸውን ይጎትታል።

አልተነሱም። ጉልበቱን ይዘው «አጥፍቻለሁ» አሉት።